ርግጫው ወደ ምሥራቅ ነው

ፓክ ንጋቲሚን የቀርከሃ መሰላል በትከሻቸው ይዘው ሲመጡ የሰፈሩ የፓምፕ ጠባቂ ዊናርኒ ከሩቅ አየቻቸውና ልቧ ድንግጥ አለ። መሰላል ይምጣ ያለ ሰው አልነበረም። ፓምፑ በሰንሰለት ወርዶ በሰንሰለት የሚወጣ ነው፤ ሲገጠምም ሲጠገንም ማንም ሰው እግሩን ወደ ጉድጓዱ ማስገባት የለበትም። ይህን ለእሳቸው መንገር ግን ቀላል አልነበረም። የፓምፕን ሀ ሁ ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው።

“እንዴት አረፈድሽ ንዱክ፣ ልጄ?” አሉ መሰላሉን የፓምፑ ቤት ግድግዳ ላይ እያስደገፉ።

“ደህና፣ ፓክ፣ አባባ። መሰላሉ ለምንድን ነው?”

“ለማንኛውም ነው። የድሮ ወዳጄ ነው፣ ቤት ውስጥ ብቻውን ሲከፋው ጊዜ ይዤው መጣሁ።”

“እሺ” አለች።

በባሕር ዳር ሰፈራቸው በካራንግሰጋራ ታናሽ ለታላቁ “እሺ” ሲል ሰምቻለሁ ማለቱ ነው። ተስማምቻለሁ ማለቱ እንደሆነ የሚታወቀው በኋላ ነው። ዊናርኒ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዕድሜዋ ለትልቅ ሰው “እንቢ” ብላ አታውቅም። ባልፈለገችው ነገር ሁሉ “እሺ” ትልና ቀስ ብላ ታስረሳዋለች። ዛሬ ግን ለማስረሳት የሚሆን ሰፊ ጊዜ አልነበራትም።

ሰፈሩ ከዓመት ዓመት እየሰመጠ ነው። ሰው የቤቱን ወለል ባስደለደለ ቁጥር በሩ ያጥራል፤ አንዳንዱ ቤት ጎንበስ ካላሉ አያስገባም። የሁሉም ቤት ፍሳሽ ቁልቁል ወርዶ አንድ የኮንክሪት ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ አንስቶ ወደ ዋናው ቱቦ የሚገፋው ጉድጓዱ ውስጥ ሰምጦ የሚሠራው ፓምፕ ነው። ፓምፑ ከቆመና ባሕሩ ከሞላ፣ የሰጡትን ሁሉ ሽንት ቤቱ ይመልስልዎታል። ፓምፑ ደግሞ ተቃጥሎ ከተማ ጥገና ቤት ከገባ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ዛሬ ጠዋት መጣ። ባሕሩ የሚሞላው ደግሞ ዛሬውኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው።

ዊናርኒን ያስጨነቃት ግን ሽንት ቤቱ ብቻ አልነበረም። ባለፈው ዓመት በጎረቤት ሰፈር አንድ ሰው ፓምፕ ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ ሊያላቅቅ ወደ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ወርዶ አልተመለሰም። ወንድሙ ሊያወጣው ወረደ፤ እሱም አልተመለሰም። ሁለቱንም በአንድ ቀን ሲቀብሯቸው ቆማ አይታለች። ከዚያ በኋላ ነው ለየሰፈሩ የፓምፕ ጠባቂ ቢጫ የጋዝ መለኪያ የተሰጠውና የሁለት ቀን ሥልጠና የተደረገው። ፓክ ንጋቲሚን ግን ያኔ ጡረታ ወጥተው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አፍንጫቸውን በፎጣ አስረው ሲወርዱና ሲወጡ ኖረዋል።

ክዳኑ ሲነሳ የበሰበሰ ዕንቁላል የመሰለ ሽታ ወጣና ፕራፕቶ ፊቱን አዞረ። ፕራፕቶ ሰንሰለት የሚጎትተው ጎልማሳ ነው፤ ክንዱም አፉም አያርፍም።

“ቡ ቱሚራ፣ ምሳ ደርሷል መሰለኝ፣ ሽታው መጣ!”

ምግብ ሻጯ ቡ ቱሚራ ከመንገዱ ማዶ ቴምፔ፣ የአኩሪ አተር ቂጣ፣ እየጠበሰች ነበር። “ያንተ ሆድ ነው የገማው! ማንኪያዬን እንዳልወረውርብህ!” አለችው።

ዊናርኒ የፓምፑን የኤሌክትሪክ ገመድ ከላይ እስከ ታች በጣቶቿ መሐል እያሳለፈች ፈተሸችው፤ የተላጠ ቦታ የለውም። የመሬት ሽቦው መጥበቁን አየች። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ማብሪያ አጥፍታ ቆለፈችበትና ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ፕራፕቶ ፓምፑን ከጋሪው ሊያወርድ ገመዱን ጨበጥ ሲያደርግ፣ “በሰንሰለቱ፣ በሰንሰለቱ” አለችው። “ገመዱ ተስቦ ከስሩ ከላላ ውሃው በዚያ በኩል ነው የሚገባው።”

“እሺ እመቤቴ። ጅራቱን መንካት ክልክል ነው።”

ፓምፑ ከጉድጓዱ አፍ በላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። ጥገና ቤቱ ወፍራም አረንጓዴ ቀለም ቀብቶታል፤ አካሉ ላይ ያለው ቀስት እንኳ ከቀለሙ ስር ተቀብሯል። የሞተሩ የመዳብ ጥቅል እንደ አዲስ ተጠምጥሟልና ሦስቱ ሽቦዎች በየትኛው ተራ መታሰር እንዳለባቸው ሳይሞከር አይታወቅም። ሙከራው ቀላል ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ለአንድ ቅጽበት መብራት ይሰጠዋል፤ ሞተሩ ሲነሳ መላ አካሉ አንዴ ይራገጣል። የረገጠበትን አቅጣጫ ያየ ሰው ውስጡ በትክክል መዞር አለመዞሩን ያውቃል።

“ሁላችሁም ራቁ። እግር የሚሰብር ርግጫ ነው” አሉ ፓክ ንጋቲሚን፤ ያልተለኮሰ የቅርንፉድ ሲጋራ ከንፈራቸው ላይ ሰክተው ነበር። ጉድጓድ ክፍት ሆኖ ሳለ አጠገቡ እሳት አይለኩሱም፤ ይህን እንኳ ከማንም በላይ ይጠነቀቃሉ። “ርግጫው ወደ ምሥራቅ ነው መሆን ያለበት። ሠላሳ ዓመት ወደ ምሥራቅ ነው የረገጠው።”

በዚያ ሰፈር ግራና ቀኝ ለጫማ ብቻ ነው። ማዕድ ላይ እንኳ “ሩዙን ወደ ሰሜን ገፋ አድርጊልኝ” ነው የሚባለው። ስለዚህ ዊናርኒ መብራቱን ነካ አድርጋ ስታጠፋ ሦስቱም ዓይኖቻቸውን የተከሉት ምሥራቅ ላይ ነበር። ፓምፑ በእነሱ በኩል ያለው ገጹ ወደ ምዕራብ ተወርውሮ ተመለሰ።

“ተገልብጧል!” አሉ ፓክ ንጋቲሚን። “ሁለቱን ሽቦ አቀያይሪያቸው።”

ማብሪያውን እንደገና ቆልፋ፣ በካቻቪቴ ከሦስቱ ሁለቱን አቀያየረች። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ፓምፑ ወደ ምሥራቅ ረገጠ። ሽማግሌው እጃቸውን አጨበጨቡ። ፓምፑ በሁለቱ ቋሚ ብረቶች መሐል ተንሸራቶ ወረደ፣ ከስር ካለው የቱቦ እግር ጋር ሲገጥም ድው አለ። ውሃው ከፍ ሲል ፓምፑን የሚያስነሱት ተንሳፋፊዎች ከሰንሰለቱ ጋር እንዳይጠላለፉ ዊናርኒ ለይታ ሰቀለቻቸውና አስነሳችው።

ፓምፑ ሠራ። ማለት ድምፅ አሰማ። ቱቦው በመንቀጥቀጥ ፈንታ ያንጎራጉር ጀመር። ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ያለው የአደጋ ቀይ መስመር ውሃው ከደረሰበት አራት ጣት ብቻ ነበር የሚርቀው። አሥር ደቂቃ ጠበቁ። ሃያ ደቂቃ ጠበቁ። አራቱ ጣት ሦስት ሆነ።

“እየጠጣ ነው ወይስ እየተጉመጠመጠ?” አለ ፕራፕቶ።

ማንም አልሳቀም። የከሰዓቱ አዛን ተሰማ። ከመንገዱ ማዶ ቡ ቱሚራ፣ ጎረቤቷም፣ የጎረቤቷ ጎረቤትም መጥተው ቆሙ። በሰሜን በኩል የባሕሩ ውሃ በመንገዱ ጠርዝ መሳብ ጀምሯል።

“ከስር ጨርቅ ተቀርቅሮበታል” አሉ ፓክ ንጋቲሚን። “እግሩ ላይ በደንብ አልተቀመጠም። አውቀዋለሁ፣ ስንቴ አላቅቄዋለሁ።” ያልተለኮሰውን ሲጋራቸውን ከከንፈራቸው አውጥተው ከጆሯቸው ጀርባ ሰኩት። ከዚያም መሰላሉን አነሱ።

ዊናርኒ የጋዝ መለኪያውን በሲባጎ አስራ ወደ ጉድጓዱ ሰደደችው። አንድ ክንድ ሳይወርድ ጩኸቱን አቀለጠው።

“ይጮኻል፣ ፓክ።”

“ዶሮም ይጮኻል። ሽታ አለ? አሽትቺ እስቲ። ቅድም ነበር፣ አሁን የለም። አየሩ ጠርቷል።”

የለም። እሷም አሸተተች፣ አልነበረም። ሥልጠናው ላይ ደብተሯ ላይ ሁለት ጊዜ ያሰመረችበት ይህንኑ ነበር፤ ሽታው የጠፋው ጋዙ ስለጠፋ ላይሆን ይችላል፤ አፍንጫው ስለሞተ ይሆናል።

“ፓክ፣ መጀመሪያ ሻይ ይጠጡ” አለች። “ቡ ቱሚራ፣ ለፓክ ሻይ፣ ስኳሩን በዛ አድርጊው።”

ሻዩ መጣ። ሽማግሌው ለይሉኝታ አንዴ ፉት ብለው ብርጭቆውን መለሱ፤ ቡ ቱሚራም ይዛው ወደ መጥበሻዋ ተመለሰች።

“ባለቤትዎ መሰላሉን ይዘው መምጣትዎን ያውቃሉ?”

“ንዱክ፣ ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂብኝ። ለሁለት ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት ቆይቶ የዚህ ሰው ሁሉ ወለል ምን እንደሚመስል አታውቂም?”

“አውቃለሁ። ፓምፑን አውጥተን ከላይ እንየው፣ እኔ...”

“ማውጣት ማውረድ፣ ማውጣት ማውረድ፣ ባሕሩ ቆሞ ይጠብቀናል?”

መሰላሉን ወደ ጉድጓዱ ሰደዱት። ፎጣቸውን አፍንጫቸው ላይ አሰሩ። አንድ እግራቸውን አሳረፉ፣ ከዚያ ሌላውን። ፕራፕቶ ዊናርኒን ያያል፤ ዊናርኒ መሰላሉን የያዙትን ሁለት የከሱ እጆች ታያለች። “ይቅርብዎ” ልትል አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

“አትወርድም!”

የቡ ቱሚራ ማንኪያ መጥበሻው ላይ ቆመ። ዊናርኒ በሕይወቷ ታላቅ ወንድሟን እንኳ “አንተ” ብላው አታውቅም። ጩኸቱ የእሷ መሆኑ የገባት ሁሉም ሰው ወደ እሷ መዞሩን ስታይ ነው። ፊቷ ጋለ። ያም ሆኖ ወደ ኋላ አላለችም፤ መሰላሉን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ፣ “ውጣ” አለች፣ አሁን ዝግ ባለ ድምፅ። “ውጣ፣ ፓክ።”

ፓክ ንጋቲሚን ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ አንዱን እግር፣ ቀጥሎም ሌላውን አወጡ። ፎጣቸውን ፈቱ። መንገዱን ተሻግረው የቡ ቱሚራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና ጀርባቸውን ሰጧቸው።

“ጉድ ነው ዛሬ” አለች ቡ ቱሚራ፣ ለማንም ሳይሆን ለዘይቱ።

ዊናርኒ መሰላሉን አውጥታ መሬት ላይ አስተኛችው። ማብሪያውን አጥፍታ ቆለፈችና ቁልፉን መልሳ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

“ዊን፣ እኔ ብወርድስ?” አለ ፕራፕቶ።

“አንተም አትወርድም!”

“እኔንማ ድሮም አንተ ነው የምትዪኝ፣ ምኑ ይገርማል።”

ሳቅ አመለጣትና እንባዋ አብሮ መጣ። በክንዷ ጠረገችው። “ጎትት” አለችው።

ፓምፑ እየተንጠባጠበ ወጣ። በውሃ አጠቡትና ጓንት አድርጋ ከስሩ ፈተሸችው። ጨርቅ የለም። ጭረት የለም። ከቱቦው እግር ጋር የሚገጥምበት ጎማ ንጹሕ ነው፤ ዙሪያውን እኩል የተጫነ ምልክት አለው። በደንብ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ምን ቀረ? ድምፁን አሰበች። የሚያንጎራጉር፣ ብዙ ለፍቶ ጥቂት የሚያነሳ ፓምፕ። ስለ ዙሩ ባትጠራጠር ኖሮ “ወደ ኋላ ነው የሚዞረው” ትል ነበር። ዙሩን ግን አይተውታል። ወደ ምሥራቅ ረግጧል። ወደ ምሥራቅ መሆን አለበት ያሉት ደግሞ እሳቸው ናቸው፤ ከእሳቸው በቀር የሚጠየቅ የለም።

መንገዱን ተሻገረች። ውሃው ተረከዟን ነካት። ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ሰው በታች እንድትሆን መሬት ላይ ቁጢጥ አለች።

“ፓክ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

እሳቸው ወደ ባሕሩ ያያሉ። ሲጋራው አሁን ተለኩሷል። “ምን ፈለግሽ?”

“ርግጫውን እንዲያሳዩኝ ነው።”

“ነግሬሽ የለ? ወደ ምሥራቅ።”

“ነግረውኛል። አሁን በእጅዎ እንዲያሳዩኝ ነው የምለምንዎት። ጨርቅ አላገኘንም፣ ፓክ። ምንም አላገኘንም።”

ይህን ሲሰሙ ዞር አሉ። ሲጋራውን ውሃው ላይ ጣሉት፤ ጢስ ብሎ ጠፋ። ተነሥተው ተከተሏት። በሩ ጋ፣ ፓምፑ ፊት ለፊት ቆሙ።

“ዓይንዎን ይጨፍኑ። የድሮው የፓምፕ ቤት ውስጥ እንዳሉ ያስቡ” አለች።

“ጨዋታ ነው እንዴ?” አሉ፣ ግን ጨፈኑ። ቀኝ እጃቸውን እንደ ፓምፕ ፊታቸው አንጠለጠሉ። “መብራቱ ይሰጣል። ይኼው፣ ወደ ምሥራቅ!” እጃቸው ድንገት ወደ ቀኛቸው ተወረወረ።

ፕራፕቶ ጉሮሮውን ጠረገ። “ፓክ፣ እጅዎ ምዕራብ ነው የሄደው። አፍዎና እጅዎ ተኳርፈዋል።”

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፈቱ። እጃቸው አሁንም አየር ላይ ነበር። ወደ በሩ ዞሩ፤ በበሩ በኩል ባሕሩ ይታያል። የድሮው የፓምፕ ቤት ከሰመጠ በኋላ ይህኛው ባለፈው ዓመት ሲሠራ በሩ በሰሜን ነው የተተከለው።

“የድሮው ቤት...” አሉ።

“በሩ በደቡብ ነበር” አለች ዊናርኒ፣ በጣም ዝቅ ብላ።

“ፊቴን ወደ ባሕሩ አዙሬ ነበር የምቆመው። ቀኜ ምሥራቅ ነበር።” ግንባራቸውን መቱ። “አሁን ደግሞ ለባሕሩ ጀርባዬን ሰጥቼ... አይ ንጋቲሚን! አንቺም ‘እሺ’ ብለሽ አቀያየርሽው።”

“እኔም አላሰብኩትም፣ ፓክ። ምሥራቅ ሲሉኝ ምሥራቅን ነው ያየሁት።”

ካቻቪቴውን ከእጇ ተቀብለው የፓምፑን ወፍራም ቀለም ይፍቁ ጀመር። ከአረንጓዴው ስር ነጭ፣ ከነጩ ስር የቀስት ጫፍ ብቅ አለ። ርግጫውን የሚያሳየው ቀስት ነበር፤ በሩ ጋ ለቆመ ሰው ወደ ቀኝ ያመለክታል። ምሥራቅን ሊያውቅ አልተፈጠረም፤ ወደ የትም አገር ቢወስዱት የሚያውቀው ራሱን ብቻ ነው።

ሽቦዎቹ ወደ ነበሩበት ተመለሱ። ፓምፑ ረገጠ፣ እንደ ቀስቱ። ወረደ፣ ገጠመ፣ ተነሣ። አሁን ድምፁ ከጉሮሮ ሳይሆን ከደረት የሚወጣ ነበር፤ ቱቦው ላይ እጇን ስታሳርፍ እንደ ሮጠ ሰው ሆድ ይመታል። ውሃው ከቀዩ መስመር አራት ጣት ራቀ፣ ከዚያ ስንዝር፣ ከዚያ ክንድ። ባሕሩ ሰዓቱን ጠብቆ መንገዱን ሞላ፤ ሰው ሱሪውን ሰብስቦ ወደየቤቱ ገባ። ጥቂት ቆይቶ የቡ ቱሚራ ድምፅ ከጓሮ ተሰማ።

“ዋጠ! ሽንት ቤቴ ዋጠ!”

“እንኳን ደስ ያለሽ!” ብሎ ጮኸላት ፕራፕቶ፣ “ወንድ ነው ሴት?” ሲል ጨመረና ቴምፔውን ሊበላ ሄደ።

ዊናርኒና ፓክ ንጋቲሚን ደጃፉ ላይ ቀሩ። ክዳኑ ተዘግቷል። እሷ በውስጧ የይቅርታ ቃላት ትደረድራለች፣ ከፍ ያሉትንና ለሽማግሌ ብቻ የሚባሉትን እየመረጠች።

“በጾም ወር ነበር” አሉ እሳቸው ድንገት። “ብዙ ዓመቱ ነው። ሦስተኛው እርከን ላይ ስደርስ ሽታው ጠፋልኝ። አየሩ ጠራ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ረዳቴ ካርያዲ ከላይ አስተኝቶ በጥፊ ሲያጮለኝ ነው። እግሬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል። እንዴት አድርጎ እንደጎተተኝ እሱም አያውቅም። ለባለቤቴ ጾሙ ነው ያደከመኝ አልኳት። እስከ ዛሬ ጾም በገባ ቁጥር ሁለት ሳህን አስበልታኝ ነው የምታሳድረኝ።”

ዊናርኒ ወደ እሳቸው ዞረች። “ታዲያ ዛሬ... ይህን እያወቁ...”

“ሰው እያየኝ ነበራ። ምሥራቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ፓምፑ አልሠራ አለ፣ ሰው መጣ፣ ቆመ። ምን ላድርግ? መሰላሉን አነሣሁ።”

“እኔ ግን ያን ቃል... ለእርስዎ...”

“ካርያዲም ያን ቀን ፈርቶ ነበር” አሉ፣ እንዳልሰሟት። “ስወርድ ፊቱን አይቼው ነበር። ‘ፓክ፣ ሻይ ላምጣልዎት?’ ነበር ያለኝ። ሁለት ጊዜ ሻይ አለኝ። ካርያዲ በጣም ጨዋ ሰው ነው።”